በድንጋዩ ዐጸድ ስለሚከበረው የፀሐይ በዓል

በእንግሊዝ አገር በዊልትሸር አውራጃ፣ ሶልስበሪ በሚባለው ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ግድግዳው ፈርሶ መቃኑና ጉበኑ ብቻ የቀረለት አዳራሽ የሚመስል የድንጋይ ዙሪያ ቆሟል፤ ስሙንም ስቶንሄንጅ ይሉታል። በየዓመቱ መዓልቱ እጅግ በሚረዝምበትና ሌሊቱ እጅግ በሚያጥርበት ዕለት፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ብዙውን ጊዜ ሰኔ 13 ለ14 አጥቢያ፣ ከየከተማው የመጣ ብዙ ሕዝብ በእነዚህ ድንጋዮች መካከል ተሰብስቦ ያድራል፤ ከ20,000 የሚበልጥ ሰው የተገኘበት ዓመትም አለ። ከሕዝቡ የሚበዛው ለማየትና ለመደሰት የመጣ ቢሆንም፣ በመካከሉ ግን ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ ኦክ የተባለውን ዛፍ ቅጠል እንደ አክሊል የደፉ፣ በትር የያዙና ራሳቸውን ድሩይድ ብለው የሚጠሩ ወንዶችና ሴቶች አሉ፤ እነርሱም ክብ ሠርተው ይቆሙና ፊታቸውን በየተራ ወደ አራቱ ማዕዘናት እየመለሱ ለሰሜንና ለደቡብ፣ ለምሥራቅና ለምዕራብ ሰላምን ይለምናሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ደመና ካልከለለ፣ ፀሐይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከዙሪያው ውጭ ለብቻው በቆመው የተረከዝ ድንጋይ አጠገብ ብቅ ትላለች፤ ከበሮው ይበረታል፣ ቀንደ መለከቱ ይነፋል፣ ሆታው ይቀልጣል፣ ዐይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ብርሃኑ የሚዘረጋም ብዙ ነው።

ይህን በሩቁ የሚሰማ የእኛ አገር ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ሳይል አይቀርም፤ አንዱ «ክርስቲያን የነበረ ሕዝብ ወደ ጣዖት ተመለሰ» ብሎ ያማትባል፣ ሌላው ደግሞ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብሎ ይተወዋል። ለእኔ ሁለቱም የቸኰለ ፍርድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ቆሞ የፀሐይን መውጣት የሚጠብቅ ሰው፣ የልቡን መሻት በትክክል ባያውቀው እንኳ፣ አንድ ነገር እንደ ጐደለበት ያውቃልና፣ ጐደሎውን ያወቀውን ሰው መሳቂያ ማድረግ ከመንፈሳዊ ሰው የሚጠበቅ አይደለም። ልንመረምረው የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ጠለቅ ያለ ነው፦ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ቃል ያልተረፈለት አምልኮ፣ በሰው ፈቃድና በናፍቆት ብቻ እንደ ገና ሊተከል ይችላልን? ቢተከልስ፣ የቀረበው ምስጋና ወደ ማን ይደርሳል?

አስቀድሞ ስለ ድንጋዮቹ እንናገር። በዙሪያው ያለው ክብ ጕድባ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 ዓመት ገደማ ተቈፈረ፤ ታላላቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ደግሞ ከ500 ዓመት ያህል በኋላ ነው። እነዚህ ታላላቆቹ በአማካይ ከ20 ቶን በላይ የሚመዝኑ ሲሆኑ፣ ከ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተጐትተው መጡ፤ ታናናሾቹ ግን ከዌልስ ተራሮች፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ የመጡ ናቸው፤ በመካከል የተጋደመውና የመሠዊያ ድንጋይ የሚባለውም፣ 6 ቶን ያህል የሚመዝነው፣ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለ አገር የመጣ መሆኑ በ2024 እ.ኤ.አ. በምርምር ታውቋል። መንኰራኵር ያልነበራቸው፣ የብረት መሣሪያ ያልጨበጡ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲያደርጉ፣ የሚያምኑት ነገር ምን ያህል ጽኑ እንደ ነበረ ማስረዳት አያስፈልግም። ከቆሙት ሁሉ ረጅሙን ድንጋይ ቀረብ ብሎ የሚመለከት ሰው፣ በአናቱ ላይ ድንጋዩ ተጠርቦ ሲያልቅ ሆን ተብሎ የተተወ ጕብታ ያያል፤ ይህ ጕብታ ምላስ ነው፤ በላዩ ተጋድሞ የነበረውና አሁን ወድቆ ያለው ጕበን ደግሞ በሆዱ በኩል ለዚሁ ምላስ መግቢያ የተፈለፈለ ጕድጓድ አለው። ይህ አገጣጠም የአናጢ እንጂ የድንጋይ ጠራቢ ጥበብ አይደለም፤ በእንጨት መሥራት የለመደ እጅ፣ እንጨቱ ይበሰብሳልና፣ የማይበሰብስ ነገር ሊተው ፈልጎ የለመደውን ሥራ በድንጋይ ላይ ሠራው። የተቃጠለ የሰው አጥንትም በዙሪያው ተቀብሮ ስለ ተገኘ፣ ቦታው በጥንት ዘመን የሙታን ማረፊያ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን የሚያመልኩትን ስም፣ የሚጸልዩትን ጸሎት፣ የሚዘምሩትን ዝማሬ የሚነግረን አንድ ፊደል እንኳ አልተዉልንም፤ ጽሕፈት አያውቁም ነበርና፣ ምላሳቸውን ይናገር የነበረ ሕዝብም ከምድር ጠፍቷል።

ታዲያ ነጭ ለባሾቹ ድሩይዶች ከየት መጡ? ድሩይድ የሚባሉት የጥንት ካህናት በእርግጥ ነበሩ፤ ዩልዮስ ቄሣር በጋልያ ስላደረገው ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ይተርካል። ይሁን እንጂ ቄሣር በጻፈ ጊዜ ታላላቆቹ ድንጋዮች ከቆሙ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ድሩይዶች ስቶንሄንጅን ሠሩ ወይም በዚያ አመለኩ የሚል የጥንት ምስክርም አልተገኘም። ሁለቱን ያገናኘው በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጆን ኦብሪ ሲሆን፣ ሐሳቡን አስፍቶ ለሕዝብ ያደረሰው ደግሞ ዊልያም ስቱክሊ የተባለ ሰው ነው። ይህ ስቱክሊ ሐኪም ነበረ፣ በኋላም በ1729 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆነ፤ በ1740 ስለ ስቶንሄንጅ ባሳተመው መጽሐፍ የድንጋዮቹ መግቢያ መዓልቱ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት ፀሐይ ወደምትወጣበት አቅጣጫ የተመለከተ መሆኑን ገለጠ፤ ይህን በማስተዋሉ ምስጋና ይገባዋል። ግን በዚህ አልተወሰነም፤ ድሩይዶች የአብርሃምን ሃይማኖት የተቀበሉ፣ ከክርስትና እምብዛም ያልራቁ የእግዚአብሔር ካህናት ነበሩ ብሎ ጻፈ። ከእርሱም በኋላ ኢዮሎ ሞርጋኑግ የተባለው የዌልስ ባለቅኔ በ1792 ለንደን ውስጥ ፕሪምሮዝ ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ጥንታዊ ነው ያለውን ነገር ግን ራሱ የደረሰውን ሥርዓት ፈጸመ፤ ዛሬ በብዙ የድሩይዶች ጉባኤ የሚደገመው ጸሎትም ከዚሁ ሰው ብዕር የወጣ ነው። ጸሎቱ ከእግዚአብሔር ጥበቃን፣ ኀይልን፣ ማስተዋልን የሚለምን ሲሆን፣ የዛሬዎቹ አንዳንዶቹ የእግዚአብሔርን ስም እያነሡ በአማልክት ወይም በመንፈስ ስም ይተኩታል።

እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። የክርስትናን ቀንበር አውልቀን ወደ ጥንቱ ተመለስን የሚሉ ሰዎች የሚደግሙት ጸሎት ከቤተ ክርስቲያን ማዕድ የተቈረሰ እንጀራ ነው፤ የቆሙበትን ቦታ የድሩይድ መቅደስ ያለላቸውም ቄስ ነው። ይህን የምጽፈው ላሳፍራቸው አይደለም፤ ሰው ከባዶ እጁ ጸሎት ሊሠራ እንደማይችል፣ የሚጸልይበትንም ቃል አስቀድሞ ከጸለየ ሰው መቀበል ግድ እንደሚሆንበት ያሳያል ብዬ ነው። ትውፊት የምንለው ይኸው ነው፤ ሰንሰለቱ በተቈረጠበት ቦታ ላይ ሰው አዲስ ቀለበት ሊቀጥል ሲሻ፣ የሚቀጥለው ከጠፋው ጋር ሳይሆን በቅርብ ካገኘው ጋር ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ነገርም አለ። የስቶንሄንጅ መግቢያ በአንድ መሥመር ላይ ሁለት ነገር ያመለክታል፤ በመካከሉ ቆሞ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የሰኔን ፀሐይ መውጫ፣ ከውጭ ገብቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ደግሞ የታኅሣሥን ፀሐይ መጥለቂያ፣ ማለት መዓልቱ እጅግ ባጠረበት ዕለት ብርሃን የምትሰወርበትን ስፍራ ያሳያል። የጥንቱ ጐዳና ከዙሪያው ጋር የሚገናኘው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነውና፣ በዚያ መንገድ ይመጡ የነበሩ ሰዎች ፊታቸው ወደ ታኅሣሡ መጥለቂያ ይሆን ነበር። በአቅራቢያው በምትገኘው ደሪንግተን ዎልስ በምትባል መንደር የተገኘው ብዙ የዐሣማ አጥንት፣ በጥርሱ ሲመረመር፣ ከእንስሶቹ ብዙዎቹ በክረምታቸው ልብ የታረዱ እንደ ነበሩ አመልክቷል፤ በዚህም ምክንያት ማይክ ፓርከር ፒርሰንን የመሰሉ ሊቃውንት ታላቁ በዓል የክረምቱ ነበረ ወደሚለው ሐሳብ ያዘነብላሉ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ የዛሬዎቹ አክባሪዎች ጥንታውያኑ ወደ ተመለከቱበት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል ማለት ነው።

ይህ የአቅጣጫ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የሁለት ዓይነት ሃይማኖት ልዩነት ነው። በታኅሣሥ ጨለማ ውስጥ፣ የስንቁ እህል ሲመናመን፣ ብርሃን ጨርሳ ትሄድ ይሆን ብሎ የሚፈራ ሰው ጸሎቱ ልመና ነው፤ በሰኔ ሙላት፣ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር በሞላበት ጊዜ የሚቆም ሰው ግን ደስታ እንጂ ልመና የለውም። ጥንታውያኑ ፈርተው መጡ፤ የዛሬዎቹ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ደስታም መልካም ነው፤ እኔ ግን የሰኔን በዓል ሳስብ የሚከብደኝ ነገር አለ፤ ያቺ ዕለት የብርሃን ሙላት እንደ ሆነች ሁሉ የመጉደሉም መጀመሪያ ናት፤ ከበሮው በተመታ ማግስት መዓልቱ ማጠር ይጀምራል። ይህንን በጥንት ዘመን የሂጶው አውግስጢኖስ አስተውሎ ሰብኮበታል፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት በዚህ ሰሞን፣ በሰኔ 17፣ የጌታን ልደት ደግሞ መዓልቱ መርዘም በሚጀምርበት ሰሞን የምታከብር ስለ ሆነች፣ ዮሐንስ ራሱ ስለ ማነሱና ስለ ጌታ መላቅ የተናገረውን በፀሐይ ሂደት ላይ ተጽፎ አየው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የዮሐንስ ልደት ሰኔ 30 ስለሚውል፣ በአገራችንም የመዓልትና የሌሊት ልዩነት እምብዛም ስለማይታወቅ፣ ይህ ምሥጢር ለእኛ ሕዝብ በዐይን የሚታይ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ረጅሙ መዓልት ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በስቶንሄንጅ ግን ከ8 ሰዓት በላይ ነው። የእኛ አባቶች የሰኔን ሰማይ ቀና ብለው የሚያዩት ፀሐይን ፍለጋ ሳይሆን ዝናብን ለማየት ነው።

ሆኖም ስለ ፀሐይ ደጆች የሚናገረውን መጽሐፍ ሙሉውን ጠብቆ ለዓለም ያቈየ የግእዝ ቋንቋ ነው። በመጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት በተጻፈው ክፍል፣ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች እየተዘዋወረች ትወጣለች፣ በምዕራብም በስድስት ደጆች ትገባለች፤ ሙሉው ቀን በ18 ክፍል ተከፍሎ፣ መዓልቱ እጅግ ሲረዝም 12ቱን ክፍል፣ ሌሊቱ 6ቱን ይይዛል። ይህም በእኛ ሰዓት ሲታሰብ 16 ሰዓት መዓልትና 8 ሰዓት ሌሊት ይሆናል፤ ለኢትዮጵያም ለኢየሩሳሌምም የማይስማማ፣ በሰሜን ርቆ ላለ አገር ግን የሚቀርብ ቍጥር ነው፤ በስቶንሄንጅ የሰኔው መዓልት 16 ሰዓት ተኩል ያህል ነውና። ጄምስ ብሩስ መጽሐፉን በ1773 ወደ አውሮጳ ከወሰደው በኋላ፣ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው የኦክስፎርዱ የዕብራይስጥ መምህር ሪቻርድ ሎረንስ፣ በዚሁ ቍጥር ተመርቶ ደራሲው በሰሜን አገር የኖረ ሳይሆን አይቀርም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። የእርሱ ግምት ያጸናው ወይም ያፈረሰው ነገር ለእኛ ሐተታ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገን መጽሐፉ ፀሐይን እንዴት እንደሚያያት ነው። በሄኖክ ዘንድ ፀሐይ ሥርዓት የተሰጣት፣ ከሥርዓቷም ዝንፍ የማትል አገልጋይ ናት፤ ጉዞዋንም ለሄኖክ የሚያሳየው መልአኩ ዑርኤል ነው፤ በኃጥኣን ዘመን ሰዎች ስለ ብርሃናት ስተው አማልክት አድርገው እንደሚቈጥሯቸውም መጽሐፉ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ደጁን ቈጥሮ፣ ክፍሉን ሰፍሮ፣ ፀሐይን በፍቅር እየተከተለ አለማምለክ እንደሚቻል ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ ምስክር የለም።

ይህን ስል ቤተ ክርስቲያን ከፀሐይ ጋር ያላት ነገር ሁልጊዜ ቀላል ነበረ ማለቴ አይደለም። ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን እንጸልያለን፤ ጌታንም ፀሐየ ጽድቅ እንለዋለን። በኬልቄዶን ምክንያት አባቶቻችን የማይቀበሉት የሮሙ ልዮን እንኳ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ክርስቲያኖች ደረጃው ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ዞረው ለወጣችው ፀሐይ ይሰግዱ እንደ ነበረ በሐዘን ገሥጿል። በአክሱምም ከክርስትና በፊት በነገሥታቱ ገንዘብ ላይ ይቀረጽ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረ፤ ዒዛና በጌታ ባመነ ጊዜ በስፍራው መስቀል ተተካ፤ ገንዘቡ ያው ገንዘብ፣ ንጉሡም ያው ንጉሥ ነበረ። በ601 ታላቁ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚሄደው ለሜሊጦስ በላከው ደብዳቤ፣ የአሕዛብ ቤተ ጣዖት አይፍረስ፣ ጣዖቱ ብቻ ይወገድ፣ ቤቱ በማየ ጸሎት ይረጭና መሠዊያ ይተከልበት፣ ሕዝቡም በሬ ማረድ የለመደ ነውና በበዓሉ ቀን በቅጠል ዳስ ሥር እያረደ እግዚአብሔርን ያመስግን ሲል አዘዘ። ይህ የአባት ርኅራኄ ነው፤ ሰው ከልማዱ በአንድ ቀን እንደማይላቀቅ የሚያውቅ ርኅራኄ። ነገር ግን በዚያ ደብዳቤ ከነበሩት ቤቶች መካከል ስቶንሄንጅ አልነበረም፤ በሜዳው ላይ ታቦት ሳይገባበት፣ ጣዖትም ሳይቀርበት፣ የማንም መቅደስ ሳይሆን ኖረ።

የማንም መቅደስ ባለመሆኑም የብዙዎች ጠብ ምክንያት ሆነ። በ1901 እ.ኤ.አ. ባለርስቱ አጥር ዐጥሮ ለመግቢያ ገንዘብ ማስከፈል ጀመረ፤ በ1915 አንድ የአገሩ ሰው በ6,600 ፓውንድ በጨረታ ገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመንግሥት አበረከተው፤ በ1974 የጀመረው የወጣቶች በዓል በ1985 በፖሊስ ዱላ ተበትኖ፣ ለብዙ ዓመታት በበዓሉ ሌሊት ወደ ድንጋዮቹ መቅረብ ተከለከለ፤ በ2000 እንደ ገና ተከፈተ። እነዚህ ሰዎች ወደዚያ ስፍራ ለመግባት የከፈሉት ዋጋ ቀላል አለመሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው።

ስቱክሊ ድሩይዶችን የአብርሃም ልጆች ብሎ ነበርና፣ ወደ አብርሃም እንመለስ። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተጻፈ፣ አብርሃም በካራን ሳለ በሰባተኛው ወር መባቻ ሌሊት የዓመቱ ዝናብ እንዴት እንደሚሆን ከከዋክብት ሊያውቅ ከማታ እስከ ጥዋት ለብቻው ተቀምጦ አደረ። ይህ የከለዳውያን ጥበብ ነው፤ በሶልስበሪ ሜዳ ከሚያድሩትም ሌሊት ብዙ አይርቅም። በዚያች ሌሊት ግን ቃል ወደ ልቡ መጣ፤ የከዋክብትና የጨረቃ የፀሐይም ምልክት ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ፣ ቢወድ ሊያዘንም ባይወድ ሊከለክል የሚችለው እርሱ ከሆነ፣ እኔ ከእነዚህ ምን እመረምራለሁ አለ፤ ወዲያውም ጸለየ። አብርሃም ሌሊቱን ስለ አደረ አልተነቀፈም፤ ሰማዩን በመመልከቱም እግዚአብሔር አልተቈጣውም፤ እንዲያውም ቃሉ የመጣለት ሲመለከት ሳለ ነው። ልዩነቱ የሰማዩ ሥርዓት ወደ ሥርዓቱ ባለቤት ማሳለፉ ነው። ፀሐይ ሰኔ 14 ብንጠብቃትም ባንጠብቃትም ትወጣለች፤ የምስጋናን ነገር ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ በግድ የሚመጣ ነገር አይመሰገንም፤ ምስጋና ባይሰጥ ይችል ለነበረ ሰጪ የሚቀርብ ነውና። በዚያ ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች ልባቸው በምስጋና ሞልቶ ይታየኛል፤ ሰጪውን ግን ስም አላወጡለትም፤ አንዱ ተፈጥሮ፣ ሌላው ምድር እናታችን፣ ሦስተኛው የአባቶች መንፈስ ይለዋል፤ አንዳንዱም የሚያመልከው የለም፣ መቆሙ ብቻ ይበቃዋል። ስሙን የሚነግራቸው ትውፊት ስለ ሌላቸው በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ያን ያህል ምስጋና ተሸክሞ መድረሻ ማጣት ከባድ ነገር ይመስለኛል።

በእንግሊዝ አገር ያደጉ የወገኖቻችን ልጆች ጓደኞቻቸው በዚያች ሌሊት ወደ ስቶንሄንጅ እንሂድ ሲሏቸው፣ መሄድ ኀጢአት ነውን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት መሥዋዕት የመለሰው መልስ ለዚህም የሚበቃ ይመስለኛል፤ በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ኅሊናችሁ ሳይመረምር ብሉ፣ ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው የሚላችሁ ሰው ቢኖር ግን አትብሉ የሚል ትርጕም ያለው ትምህርት ነው። ፀሐይ የፈጣሪዋ ናት፣ ሜዳውም የፈጣሪው ነው፤ ልጁ ይሂድ፣ ሌሊቱን ይደር፣ የተጠረበውን ምላስ በዐይኑ ይይ፣ ፀሐይ ስትወጣም መዝሙረ ዳዊቱን በልቡ ይድገም። ድሩይዶቹ ክቡን ሠርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው መሐላ ሲገቡ ግን እጁን ለቆ ጥቂት ወደ ኋላ ይበል፤ የሚጠይቀው ቢኖርም፣ በማን ስም እንደሚምል ያልተነገረውን መሐላ ሊምል እንደማይችል በትሕትና ያስረዳው።